ከባድ የካምፒንግ ተሳቢ ለሚጎትት ፒክአፕ ምን ዓይነት ጎማ ይሻላል?

ድንኳን ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ባለ አራት በር ፒክአፕ አለኝ። የሚጎትተው ባለ ሁለት አክስል የካምፒንግ ተሳቢ ሲሆን ሙሉ ዕቃ ሲጫን 3,000 ኪሎ አካባቢ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። የመኪናው ጎማ የቤት መኪና ደረጃ 265/70አር17 115ቲ ነው፤ የበሩ ተለጣፊ ፊትም ኋላም የአየር ግፊቱ 35 ፒኤስአይ ይሁን ይላል። ጥርሱ 3 ሚሊሜትር ስለቀረው አራቱንም ልቀይር ነው።

ችግሩ ተሳቢው ሲቀጠል የመኪናው ኋላ ይዋልላል። ትልቅ የጭነት መኪና አልፎኝ ሲሄድ መሪውን ሳልነካው ኋላው ወደ ጎን ይገፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ጎማ ሻጭ "ባለ 10 ፕላዩን ኢ ኤልቲ ግባበትና 80 ፒኤስአይ ንፋው" አለኝ፤ ኤልቲ የሚሉት ለቀላል የጭነት መኪና የሚሠራውን ጎማ ነው፣ ኢ ደግሞ የጭነት ደረጃው። ሌላው "ያለህ ዓይነት ይበቃሃል" አለ። ማንን ልስማ? መንገዴ አብዛኛው አስፋልት ነው፤ የመጨረሻው ጥቂት ኪሎሜትር ኮረኮንች። ተሳቢው በሌለበት ጊዜም መኪናዋን በየቀኑ እነዳታለሁ።

ባለሚዛን

ጤና ይስጥልኝ። ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸውና መጀመሪያ ሚዛን ላይ ውጣ። የጎማ ምርጫ የሚጀምረው የኋላ አክስልህ ላይ ስንት ኪሎ እንዳረፈ ከማወቅ ነው። "3,000 አካባቢ" የሚባለው ግምት የውሃ ጋኑ፣ የጋዝ ሲሊንደሩና አልጋ ስር የተጠቀጠቀው ዕቃ ሲደመሩ ብዙ ጊዜ ወደ ታች የሳተ ሆኖ ይገኛል።

ለካምፕ እንደምትወጣው ሆነህ ሂድ፤ ቤተሰቡን አሳፍረህ፣ ነዳጅና ውሃ ሞልተህ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ተመዘን፦ መኪናው ብቻውን፣ ተሳቢው ተቀጥሎ የክብደት ማከፋፈያ ዘንጎቹ (የመንጠቆውን ክብደት ከፊሉን ወደ ፊት አክስሉና ወደ ተሳቢው የሚመልሱት) ሳይወጠሩ፣ በመጨረሻ ዘንጎቹ ተወጥረው። በየጊዜው የፊት አክስሉን፣ የኋላ አክስሉንና የተሳቢውን አክስሎች ለየብቻ ጻፋቸው።

ተሳቢው መንጠቆው ላይ የሚጥለው ክብደት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከ10 ካነሰ ጎማህ የቱንም ያህል ቢጠነክር ተሳቢው መዋለሉን አይተውም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ፤ መንጠቆው ከኋላ አክስሉ ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ እንደ ማንሻ ነው የሚሠራው። መንጠቆው ላይ 400 ኪሎ ሲያርፍ የኋላ አክስሉ የሚቀበለው 400 ብቻ አይደለም፣ ከ500 ሊያልፍ ይችላል። ትርፉ ከፊት አክስሉ ላይ የተነሳ ነው፤ ለዚህ ነው ፊቱ የሚቀለውና መሪው የሚላላው።

ከበሩ ምሰሶ ላይ የኋላ አክስሉን የጭነት ጣሪያና የመኪናውን ጠቅላላ ጣሪያም ገልብጥ። ጠንካራ ጎማ እነዚያን ቁጥሮች ከፍ አያደርጋቸውም፤ አክስሉም ባሌስትራውም ፍሬኑም ያው የነበሩት ናቸው።

ድንኳን ወዳጅ

ተመዝኜ መጣሁ። ቁጥሮቹ እነሆ፦

መኪናው ብቻውን፦ ፊት 1,420፣ ኋላ 1,180።
ተሳቢው ተቀጥሎ፣ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ፦ ፊት 1,290፣ ኋላ 1,700፣ የተሳቢው አክስሎች 2,710።
ዘንጎቹ ተወጥረው፦ ፊት 1,370፣ ኋላ 1,560፣ የተሳቢው አክስሎች 2,770።

የበሩ ተለጣፊ ለኋላ አክስሉ 1,850 ኪሎ፣ ለመኪናው በጠቅላላ 3,200 ኪሎ ይላል።

ባለሚዛን

ጥሩ አድርገህ መዝነሃል። መኪናው ብቻውን 2,600 ነበር፣ ተሳቢው ሲቀጠል 2,990 ሆነ፤ ስለዚህ መንጠቆው ላይ ያለው 390 ኪሎ ነው። ተሳቢው በጠቅላላ 3,100 ስለሆነ 12.6 በመቶ ይመጣል፤ ደህና ነው። አክስሉም መኪናውም ከጣሪያቸው በታች ናቸው። ዘንጎቹ ከፊት ከተነሳው 130 ኪሎ ውስጥ 80ውን መልሰዋል። ስንት መመለስ እንዳለባቸው አምራቾች አይስማሙም፣ የመኪናህ መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን ተከተል።

አሁን ወደ ጎማው። 115 ማለት አንዱ ጎማ 1,215 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ግን የቤት መኪና ደረጃ ጎማ ፒክአፕ ላይ ሲገባ ያ ቁጥር ለ1.10 ይካፈላል፤ ፒክአፕ ጭነቱ ስለሚበዛና አያያዙ ስለሚከብድ የተቀመጠ ቅናሽ ነው። ስለዚህ 1,104 ኪሎ ነው የሚቆጠርልህ። ዘንጎቹ ባይወጠሩ እንኳ የኋላ ጎማህ የሚሸከመው እያንዳንዱ 850 ገደማ ነው። በጭነት ብቻ ከታየ ያለህ ዓይነት ጎማ በቂ ነው፤ ሁለተኛው ሻጭ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

እንግዲህ መዋለሉ ከጎማው የመሸከም አቅም ማነስ ካልመጣ ከሌላ ነው የመጣው፤ የጎማውን ጎን የሚያውቁ ሰዎች ይቀጥሉ።

የጎማ ነገር

ቀጥያለሁ። የቤት መኪና ደረጃ ጎማ ጎኑ ስስ ነው፤ ለምቾት ተብሎ የተሠራ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመህ አንድ ሰው የጭነት ሳጥኑን ጠርዝ ይዞ ወደ ጎን እንዲወዘውዘው አድርግና ጎንበስ ብለህ የኋላውን ጎማ እይ። ቸርኬው መሬት ከነካው ጥርስ ተለይቶ ወዲያና ወዲህ ሲል ታየዋለህ፤ መሬት የነካው ክፍል ቆሟል፣ ጎኑ ግን እየተጣመመ ነው። መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍህ የአየሩ ግፊት ተሳቢውን ይገፋዋል፣ ተሳቢው መንጠቆውን፣ መንጠቆው የመኪናህን ኋላ፤ የሚጣመመውም ያ ጎን ነው። ኤልቲ ጎማ ላይ ጎኑ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ይህ እንቅስቃሴ በጣም ያንሳል።

ስለዚህ ኤልቲ ግባበት። ግን 80 ፒኤስአይ የሚለውን አትቀበል፤ ኢ የሚለውንም ሳታስብበት አትውሰድ።

የጭነት ደረጃ ፊደሎቹ እንዲህ ናቸው፦ ሲ ማለት የ6 ፕላይ ደረጃ፣ ጣሪያው 50 ፒኤስአይ። ዲ የ8 ፕላይ ደረጃ፣ 65 ፒኤስአይ። ኢ የ10 ፕላይ ደረጃ፣ 80 ፒኤስአይ። ውስጡ በእርግጥ 10 ንጣፍ የለም፤ የድሮው የጥንካሬ መለኪያ ስም ሆኖ ነው የቀረው። በአንተ ልክ ኤልቲ265/70አር17 ኢ 121/118 ተብሎ ይጻፋል። 121 ለነጠላ ጎማ 1,450 ኪሎ ነው፣ በ80 ፒኤስአይ፤ ሁለተኛው ቁጥር ጥንድ ጎማ ለሚገባባቸው መኪናዎች ስለሆነ አይመለከትህም። ያው ልክ በሲ ደግሞ 112/109 ነው፤ 1,120 ኪሎ በ50 ፒኤስአይ።

አሁን ይህን ልብ በል። አሮጌው ጎማህ 1,104 ኪሎ የሚሸከመው በ35 ፒኤስአይ ነው። ኤልቲው ያንኑ ለመሸከም ወደ 50 ፒኤስአይ ይፈልጋል። ጭነቱን የሚሸከመው አየሩ ነው፤ ወፍራሙ ጎማ የተሠራው ብዙ አየር እንዲይዝ ነው። ብዙ ሰው ኢ ጎማ ገዝቶ በተለጣፊው መሠረት 35 ይነፋል፤ የገዛው ጎማ ከጣለው ያነሰ ይሸከማል፣ ወፍራም ጎኑም በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል። ሙቀቱ በጥርሱና በብረት ቀበቶው መካከል ያለውን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል፣ መጨረሻው በፍጥነት መንገድ ላይ ጥርሱ ተገሽልጦ መውጣት ነው። ጎማ ሲቀየር ሕጉ አዲሱ ጎማ አሮጌው በተለጣፊው አየር ከሚሸከመው ማነስ የለበትም የሚል ነው፤ ስለዚህ ለአንተ መነሻው 50 ነው፣ ፊትም ኋላም፣ ቀዝቃዛ ሆኖ።

80 ደግሞ ከሌላኛው ወገን ያበላሻል። 850 ኪሎ ለሚሸከም ጎማ የ1,450 ኪሎ አየር ከሰጠኸው መሃሉ ብቻ መሬት ይነካል። መሃሉ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል፣ ባዶውን ሆኖ ኮረኮንች ላይ ኋላው ይዘላል።

በቁጥሮችህ እኔ ሲውን ነው የምመርጠው። ጭነቱን በበቂ ትርፍ ይሸከማል፣ ጎኑ ከአሁኑ ይጠነክራል፣ ከኢ ይቀልላል፣ በየቀኑ ስትነዳትም አጥንትህን አይሰብርህም።

ባሌስትራ

ከጎማ ነገር ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ሲ ላይ 50 ጣሪያው ስለሆነ ለመጨመር ቦታ የለህም። ኢ ላይ ግን ስትጎትት የኋላውን 60፣ የፊቱን 50 ማድረግ ትችላለህ። ከ50 ወደ 60 ሲወጣ መዋለሉ ላይ የሚሰማህ ለውጥ ቀላል አይደለም፤ ከሁሉም በላይ መኪናው የኋላ ሚዛኑን ቶሎ ይይዛል። መጨረሻው ኮረኮንች ስለሆነ የኢ ጎን ሹል ድንጋይም ይችላል። ተሳቢውን ወደፊት በትልቅ የመቀየር ሐሳብ ካለህ ኢ፣ ይህንኑ ይዘህ የምትቀጥል ከሆነ ሲ ብትገባ አልከራከርህም።

ግን ከጎማው በፊት ሰው የማያያቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ቫልቭ ነው። ከቤት መኪና ደረጃ ጎማ ጋር የሚመጣው ተራ የጎማ ቫልቭ፣ ቲአር 413 ዓይነቱ፣ ጣሪያው 65 ፒኤስአይ ነው። ከዚያ በላይ የምትነፋ ከሆነ በብሎን የሚታሰረውን የብረት ቫልቭ ወይም የከፍተኛ ግፊቱን ቲአር 600 አስገባ። 60 ላይ ብትቆምም ሙቀት ሲጨመርበት ከ65 ያልፋልና አዲስ ጎማ ሲገባ ቫልቩን አብረህ አስቀይረው። አሮጌውን በአውራ ጣትህ ወደ ጎን አጠፍ አድርገህ ሥሩን ብታይ፣ ቸርኬው ቀዳዳ አጠገብ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ታገኝ ይሆናል። አየር ቀስ ብሎ የሚያልቀው ከእዚያ ነው። ቫልቩ የአየር ዳሳሽ ያለበት ከሆነ ግን ለዚያ ዳሳሽ የተሠራውን ነው የምታስገባው።

ሁለተኛው ቸርኬው። ቸርኬም የጭነትና የአየር ጣሪያ አለው። በአብዛኛው ከጀርባው ወይም ከመሃሉ አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል፤ ካላገኘኸው አምራቹን ጠይቅ። የጎማው ጣሪያ ከቸርኬው ጣሪያ ቢበልጥ የሚሠራው የቸርኬው ነው።

ሦስተኛው የአየር ማስጠንቀቂያ መብራቱ። በብዙ መኪና ላይ የሚበራው አየሩ ከተለጣፊው 25 በመቶ ሲወርድ ነው። ተለጣፊህ 35 ስለሚል 26 አካባቢ ሳይደርስ አይበራም። አንተ ግን 50 ወይም 60 ነፍተሃል። ከ60 ወደ 30 ቢወርድ እንኳ ዝም ይላል፤ ኤልቲ ጎማ ደግሞ በ30 ከባድ ተሳቢ ይዞ ሲሄድ እየተቃጠለ ነው። መኪናህ መነሻ ቁጥሩን ማስቀየር የሚፈቅድ ከሆነ አስቀይረው፣ ካልሆነ በመለኪያ ማየትን የጉዞ ሥርዓትህ አድርገው።

ድንኳን ወዳጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ኢውን ልወስድ ነው፣ ተሳቢውን ከሁለት ዓመት በኋላ ለመቀየር ስላሰብን። ቸርኬውን አየሁት፣ ይችላል። አሁን የጥርሱ ጉዳይ ቀረ። ለሁሉም መንገድ የሚባለውን ልግባበት ወይስ የአስፋልቱን? ደግሞ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ 285/70አር17 ብገባስ? ቁመናው ያምራል።

የጎማ ነገር

285 ይቅርብህ። የአሁኑ ቁመቱ 803 ሚሊሜትር ነው፣ ያኛው 831፤ በ3.5 በመቶ ይበልጣል። ጎማ ሲተልቅ ማርሽህ እንደረዘመ ቁጠረው፤ ዳገት ላይ ያለህ ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል አንተ 103 አልፈሃል። መንጠቆውም 14 ሚሊሜትር ከፍ ስለሚል የተሳቢው አፍንጫ ይነሳል፣ የዘንጎቹን ልክ እንደገና ማስተካከል ይኖርብሃል። ሊጎትት የታሰበ መኪና የተሠራበትን ልክ ይዞ ይቆይ።

ጥርሱን በተመለከተ፣ ለጭቃ የተሠራው ረጃጅም ጥርስ ያለው ከምርጫህ ይውጣ። ትልልቅ ተነጣጥለው የቆሙ ጥርሶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስለሚታጠፉ መዋለሉን ወፍራም ጎን ሲያጠፋልህ ጥርሱ መልሶ ያመጣዋል። አስፋልት ለሚበዛበት የመንገድ ጎማ ከሁሉም የተረጋጋ ነው። ኮረኮንቹ ዝናብ ሲመታው የሚያስቸግር ከሆነ ለሁሉም መንገድ የሚባለውን ውሰድ፤ ግን ስትመርጥ መሃሉ ላይ ያለውን መስመር ተመልከት። ሳይቆራረጥ ዙሪያውን የሚሄድ፣ ወይም ጥርሶቹ ሥራቸው ላይ የተያያዙ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አዲስ ጎማ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ጥርሱ ሙሉ ቁመት ስላለው ይለሰልሳል፤ ከፋብሪካው ሻጋታ የሚቀረው ቅባትም ገና አልለቀቀውም። 800 ኪሎሜትር ያህል ባዶውን ንዳውና ከዚያ ተሳቢውን ቀጥል። ገና በገባ ዕለት ከባድ ነገር ቀጥሎ "ይህም ጎማ ይዋልላል" ብሎ የሚያማርር ሰው ብዙ ነው። ስኮርታውንም አትርሳ፤ የቤት መኪና ደረጃውን እንደ ስኮርታ ይዘህ ኋላ ላይ አንዱ ኤልቲ ቢፈነዳ ሁለት የተለያየ ጎን ያላቸው ጎማዎች በአንድ አክስል ላይ ይሆኑብሃል።

ባለሚዛን

የአየር ነገር ላይ ልጨምር፦ ቀዝቃዛ ማለት መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ፣ ወይም ከ1.5 ኪሎሜትር በላይ ሳይሄድ ማለት ነው። ፀሐይ የመታው ወገን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ጠዋት ለካው። የ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት 60 ፒኤስአይ ባለው ጎማ ላይ ወደ 2.5 ፒኤስአይ ያመጣል፤ ቆላ ወርደህ ወይም ደጋ ወጥተህ ካደርክ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ለካ። መንገድ ላይ ግሎ 68 ቢል አየር አታውጣ። ብታወጣ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆንና በሚቀጥለው ቀን የበለጠ ይግላል።

ባሌስትራ

ስለ መኪናው ይህን ሁሉ አወራን፤ የተሳቢው ጎማስ ምንድን ነው? ጽሑፉን ገልብጥልን።

ድንኳን ወዳጅ

ኤስቲ205/75አር15 ይላል (ኤስቲ የተሳቢ ጎማ ምልክት ነው)፣ የጭነት ደረጃ ሲ፣ 825 ኪሎ በ50 ፒኤስአይ። ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ 3416 ተጽፏል። ስንጥቅ የለውም፣ ጥርሱም ገና አዲስ ይመስላል።

ባሌስትራ

እኔ የምፈራልህ እንግዲህ ይኸኛውን ነው። 3416 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በ34ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ አልቆ አይደለም የሚሞተው። ዓመቱን አብዛኛውን ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል፣ ጎማው ውስጡ ይደርቃል፣ ላዩ ግን አዲስ መስሎ ይቆያል። በዚህ ዕድሜው አራቱም ይወጣሉ፣ ስኮርታውም ጭምር።

ጭነቱንም እይ። ዘንጎቹ ሲወጠሩ አክስሎቹ ላይ 2,770 አለ፣ ለአራት ሲካፈል 693 ገደማ። ከ825 አንጻር 84 በመቶ ነው፤ ይህም አራቱ እኩል ከተሸከሙ ነው። መኪናው አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ቢይዘው የኋለኛው አክስል፣ ኩሽናው አንድ ወገን ላይ ከሆነ ደግሞ ያ ወገን ይበዛበታል። የመኪናህ የኋላ ጎማ ከአቅሙ ብዙ ተርፎት ሲሄድ የተሳቢው በጠባብ ትርፍ ይሄዳል ማለት ነው። በዚያው ልክ ዲ አለ፣ 975 ኪሎ በ65 ፒኤስአይ፤ የተሳቢው ቸርኬ 65 የሚችል ከሆነ ያንን አስገባ። እንደ መኪናው ጎማ አየሩን እያመጣጠንክ አትቀንስለት፣ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ጣሪያ ቀዝቃዛ ሆኖ ሙላው። ሁለት አክስል ያለው ተሳቢ በጠባብ ቦታ ሲታጠፍ ጎማዎቹ ወደ ጎን ይጎተታሉ፤ አየር ያነሰው ጎማ ያኔ ጎኑ እስኪጨማደድ ይጣመማል።

ፍጥነቱንም አስተውል። የፍጥነት ፊደል የሌለው የቆየ ዓይነት ኤስቲ ጎማ ጣሪያው 105 ኪሎሜትር በሰዓት ነው። ኤል ካለበት 120፣ ኤም ካለበት 130።

ድንኳን ወዳጅ

የተሳቢው ቸርኬ ላይ 65 ፒኤስአይ ተጽፏል፤ እንግዲያው አምስቱንም ዲ አደርጋቸዋለሁ። ለመኪናው አምስት ኢ ከነቫልቩ። ከተገጠመ በኋላ የማየው ነገር አለ?

ባሌስትራ

አላይመንት አሠራ፣ ባላንስም በሁሉም። ጎሚስታው ዳዶዎቹን በአየር መፍቻ ብቻ አጥብቆ እንዳይለቅህ፤ መጨረሻውን በመመሪያው ቁጥር በልክ ማጥበቂያ ቁልፍ ያጥብቀው። ከዚያ 80 እስከ 100 ኪሎሜትር ስትሄድ የመኪናውንም የተሳቢውንም ዳዶ እንደገና አስጠብቅ፤ የተሳቢ ዳዶ በተለይ ይላላል።

በመጀመሪያው ጉዞህ ከ50 ኪሎሜትር በኋላ ቁምና ሁሉንም የጎማ ማዕከሎችና ጎማዎች በእጅህ ጀርባ አጠገባቸው ሆነህ ሞክራቸው። ሁሉም ሞቅ ማለታቸው የታወቀ ነው። አንዱ ጎማ ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ አየር አንሶታል። ጎማው ደህና ሆኖ ማዕከሉ ከጋለ ደግሞ ኩሽኔታው ነው ወይም ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል፤ ያኔ ጉዞውን ነው የምታቆመው።